ነቀፌታ ያቆሰለው፣ ብዕሩን ግን ያላስጣለው ደራሲ ቶማስ ሃርዲ

እንግሊዛዊው ቶማስ ሃርዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአገሩ ከነበሩት የልቦለድ ደራሲያን መካከል ቀዳሚውን ስፍራ ከያዙት አንዱ ነበር። ከ1871 እስከ 1897 ባሉት ዓመታት 14 ረጅም ልቦለዶችን ለኅትመት አብቅቷል። ይሁንና ዕድሜው 55 በደረሰበት፣ ዝናውና ገቢውም በናረበት ወቅት አዲስ ልቦለድ መጻፍ አቆመ። ከዚያ በኋላ በሕይወት በቆየባቸው 32 ዓመታትም ወደዚሁ ሙያ አልተመለሰም። ለዚህ ውሳኔ ካበቁት ምክንያቶች ውስጥ ደራሲው ራሱ አዘውትሮ የሚያነሳው ሐያሲያንና አንባቢያን በሥራዎቹ ላይ የሰነዘሩትን ነቀፌታ ነው። በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃርዲ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት ግዛት፣ ሃየር ቦክሃምፕተን በተባለች አነስተኛ መንደር እ.ኤ.አ ጁን 2 ቀን 1840 ነው። ሲወለድ ሞቷል ተብሎ ወደ ጎን ከተደረገ በኋላ በሕይወት መኖሩን ያስተዋለችው አዋላጇ እንደነበረች ይነገራል። አባቱ ግንበኛና የቫዮሊን ተጫዋች ሲሆን፣ እናቱ ደግሞ ከጋብቻዋ በፊት በሰው ቤት ተቀጥራ ያገለገለች፣ ለመጻሕፍት ግን ልዩ ፍቅር የነበራት ሴት ናት። ቤተሰቡ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት አቅም ስላልነበረው ሃርዲ በ16 ዓመቱ በዶርቼስተር ከተማ ጆን ሂክስ በተባለ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሥር ሙያ መማር ጀመረ። የግሪክና የላቲን ቋንቋዎችንም ከሥራ ሰዓት ውጪ በግሉ አጠና።

በ1862 ወደ ለንደን አምርቶ በታዋቂው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ በአርተር ብሎምፊልድ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። በማግስቱ ዓመትም የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአርክቴክቶች ተቋም ባዘጋጀው የድርሰት ውድድር ተሸላሚ ሆነ። በዚያው ዘመን ግጥሞችን እየጻፈ ወደ መጽሔቶች ይልክ የነበረ ቢሆንም አዘጋጆቹ አልተቀበሏቸውም። ወጣቱ ግጥሞቹን አልጣላቸውም። ብዙዎቹን በመሳቢያው አኑሮ ወደ ልቦለድ ፊቱን አዞረ። ይህ ጥንቃቄው ከ30 ዓመታት በኋላ ምን ያህል እንደሚጠቅመው በወቅቱ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የመጀመሪያ ልቦለዱን በ1868 ጽፎ ቢያጠናቅቅም ለኅትመት አልበቃም። የከፍተኛውን መደብ ኑሮ አምርሮ የሚሸነቁጠውን ይህን ሥራ የማክሚላን ማተሚያ ቤት ሳይቀበለው ቀረ። ቻፕማን ኤንድ ሆል የተባለው አሳታሚ ረቂቁን እንዲመረምር የመደበው ደራሲ ጆርጅ ሜሬዲት ደግሞ ሃርዲን አስጠርቶ ጽሁፉ በዚያው መልክ ከወጣ ሐያሲያን እንደሚዘምቱበት፣ ይልቁንም ውስብስብ ታሪክ ያለው ሌላ ልቦለድ ቢሞክር እንደሚሻል መከረው። ሃርዲ ምክሩን ተቀበለ። ረቂቁ ሳይታተም ቀርቶ በመጨረሻ ጠፍቷል።

በሜሬዲት ምክር መነሻነት የተጻፈው «ዴስፐሬት ሬሜዲስ» የተሰኘው ልቦለድ በ1871 የደራሲው ስም ሳይገለጽ ታተመ። ሃርዲ ለኅትመቱ ከራሱ ኪስ 75 ፓውንድ ከፍሏል። ከፍተኛ ደመወዝ ላልነበረው ባለሙያ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። መጽሐፉ በተወሰኑ ጋዜጦች መልካም አቀባበል ቢያገኝም፣ «ስፔክቴተር» የተባለው መጽሔት በኤፕሪል 1871 ባወጣው ሂስ ክፉኛ አብጠለጠለው። ሐያሲው ደራሲው ስሙን መደበቁ ተገቢ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

ሃርዲ ይህን ሂስ ያነበበው ወደ ወላጆቹ ቤት በሚወስደው የገጠር መንገድ፣ በበጎች መሰማሪያ ዳር ባለ የአጥር መሻገሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚያች ሰዓት ሞቱን እንደተመኘ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባዘጋጀው የሕይወት ታሪኩ አስፍሯል። የዚያች ዕለት ምሬት እስከ እርጅናው ድረስ ከአእምሮው አልጠፋም። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ በአንድ የባቡር ጣቢያ በቅናሽ ዋጋ ከሚሸጡ ትርፍ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሲያይ ሐዘኑ በረታ። ካወጣው 75 ፓውንድ ውስጥም የተመለሰለት ከ60 ፓውንድ ያነሰ ነው።

ከዚህ ውድቀት እንዲነሳ የረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የቅርብ ወዳጁ ሆራስ ሙል ሲሆን፣ ነቀፌታውን ከቁም ነገር እንዳይቆጥረው ጽፎለታል። ሙል በሌላ መጽሔት ላይ ስለ መጽሐፉ መልካም ሂስ አውጥቷል። ሁለተኛዋ በ1870 በኮርንዎል ለቤተ ክርስቲያን እድሳት ጥናት በሄደበት ወቅት የተዋወቃት ኤማ ጊፎርድ ናት። ሃርዲ ልቦለድ መጻፉን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥነ ሕንፃ ሥራው ለመመለስ ባሰበ ጊዜ እውነተኛ ጥሪው ድርሰት መሆኑን ገልጻ በጽሁፉ እንዲገፋበት አበረታታችው። ሁለቱ በሴፕቴምበር 1874 ተጋቡ።

ሃርዲ በዚህ ጊዜ የወሰደው ሌላው እርምጃ ሂሱን ሰከን ብሎ ደግሞ ማንበብ ነው። ያ መራር ጽሁፍ ታሪኩን ቢያወግዝም ደራሲው የገጠር ሰዎችን አነጋገርና ጠባይ በመሳል ረገድ ተሰጥኦ እንዳለው ሳይጠቅስ አላለፈም ነበር። ሃርዲ ይህችን ነጥብ ያዘ። ቀጣዩን «አንደር ዘ ግሪንዉድ ትሪ» የተሰኘ ልቦለዱን ሙሉ በሙሉ በመንደሩ ሰዎችና በቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኞች ኑሮ ላይ መሠረተው። በ1872 የወጣው ይህ ሥራ በመልካም ዓይን ታየ። «ኮርንሂል» የተሰኘው መጽሔት አዘጋጅ ሌስሊ ስቲቨን መጽሐፉን አንብቦ ለመጽሔቱ ተከታታይ ልቦለድ እንዲጽፍ ጋበዘው። «ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» የተወለደው በዚህ ግብዣ ነው።

ይህ ልቦለድ በ1874 መጀመሪያ ያለ ደራሲ ስም መውጣት ሲጀምር ጸሐፊዋ በዘመኑ ታላቅ የነበረችው ጆርጅ ኤሊየት ልትሆን እንደምትችል የገመተው ከሦስት ዓመታት በፊት ሃርዲን ሞቱን ያስመኘው ያው «ስፔክቴተር» ነበር። በሌላ በኩል በአሜሪካ የሚታተመው «ዘ ኔሽን» ላይ ሂስ ያቀረበው ሄንሪ ጄምስ ከሰዎቹ ይልቅ በጎቹና ውሾቹ እውነተኛ ይመስላሉ ሲል መጽሐፉን አቃለለ። የሐያሲያን ፍርድ ከዓመት ዓመት፣ ከመጽሔት መጽሔት የሚለዋወጥ መሆኑን ሃርዲ ገና በሙያው መባቻ ላይ ለማየት ችሏል። ማየቱ ግን ሕመሙን አላስቀረለትም።

የሃርዲን ሕይወት ያጠኑ ጸሐፍት ለዚህ ስስነቱ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ አስተዳደጉ ነው። በዘመኑ የለንደንን ታላላቅ መጽሔቶች የሚመሩትና የሚጽፉባቸው ሰዎች በአብዛኛው በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ነበሩ። የግንበኛው ልጅ ሃርዲ በቋንቋ አጠቃቀሙ ወይም በዕውቀቱ ላይ የሚሰነዘር ትችት ሁሉ በትውልዱ ላይ የተሰነዘረ መስሎ ይሰማው ነበር።

ይህም ሆኖ ሃርዲ በቀጣዮቹ ዓመታት ያለማቋረጥ ሠርቷል። በ1878 «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኔቲቭ»፣ በ1886 «ዘ ሜየር ኦፍ ካስተርብሪጅ»፣ በ1887 ደግሞ «ዘ ዉድላንደርስ» ለአንባቢ ቀረቡ። ከ1884 ጀምሮ በዶርቼስተር የአካባቢ ዳኛ ሆኖ ሕዝብን አገልግሏል። በ1885 ራሱ ነድፎ አባቱና ወንድሙ በገነቡለት፣ ማክስ ጌት በተባለው ቤት ከባለቤቱ ጋር መኖር ጀመረ።

ከፍተኛው ውዝግብ የተነሳው በ1891 መጨረሻ «ቴስ ኦፍ ዘ ደርበርቪልስ» የተሰኘው ልቦለዱ በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ ነው። መጽሐፉ በአንድ ባለጸጋ ተደፍራ በኅብረተሰቡ የተገፋች የድሃ ልጅ ታሪክ ሲሆን፣ ደራሲው በርዕሱ ሥር ንጹሕ ሴት ሲል ገልጿታል። ሁለት መጽሔቶች ለአንባቢያን ሥነ ምግባር አይስማማም በማለት ሳይቀበሉት ቀርተው፣ «ግራፊክ» የተባለው ጋዜጣ ያወጣው ብዙ ክፍሎቹ ተቆርጠውና ተለውጠው ነበር። መጽሐፉ እንደወጣ በብዛት ተሸጠ፤ ብዙዎችም አደነቁት። ሆኖም «ሳተርዴይ ሪቪው» እና «ኳርተርሊ ሪቪው» የተባሉት መጽሔቶች በ1892 ጠንካራ ውግዘት አወጡበት። የኋለኛውን ሂስ የጻፈው ሞውብሬይ ሞሪስ ቀደም ሲል ልቦለዱን ላለመቀበል ከወሰኑት አዘጋጆች አንዱ ነበር።

ሃርዲ ሁኔታው በዚህ ከቀጠለ ልቦለድ መጻፍ እንደሚያበቃ፣ ሆን ብሎ ለተኳሽ ዒላማ ሆኖ መቆምም ሞኝነት መሆኑን በዚያው ሰሞን በግል ማስታወሻው አሰፈረ። በ1892 አጋማሽ በወጣው እትም መቅድም ላይ ደግሞ ለተቺዎቹ መልስ ሰጠ። ይህ መልስ ቁጣውን ለጊዜው ያበረደለት ቢመስልም በኋላ ራሱን ደስ አላሰኘውም። በጃንዋሪ 1895 በጨመረው አጭር ማስታወሻ ያ መቅድም የተጻፈው ስሜቱ ገና ትኩስ በነበረበት ወቅት እንደነበር፣ አሁን ቢሆን ምናልባት እንደማይጽፈው ገለጸ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ከሐያሲያኑ አንዳንዶቹ በሞት መለየታቸውን ጠቅሶም፣ የእነሱ ንግግርም ሆነ የእሱ መልስ ከጊዜ አንጻር ከቁጥር የማይገባ መሆኑን አመለከተ።

ይህ የሰከነ አስተያየት ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ «ጁድ ዘ ኦብስኪዩር» ወጣ። መጽሐፉ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚመኝ፣ ድህነት ግን በሩን የዘጋበት የአንድ ድንጋይ ጠራቢ ታሪክ ነው። የጋብቻን ሕግና የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በጥብቅ ይተቻል። ነቀፌታው ከቀድሞው ሁሉ የከፋ ሆነ። አንድ የለንደን ጋዜጣ የመጽሐፉን ርዕስ አጣሞ ጸያፍ ትርጉም ሰጠው። ታዋቂዋ ደራሲ ማርጋሬት ኦሊፋንት በጃንዋሪ 1896 ባወጣችው ጽሁፍ ሃርዲን ጋብቻን ለማፍረስ የተነሳ ወገን አባል አድርጋ ከሰሰችው። የዌክፊልድ ጳጳስ ዊሊያም ዋልሻም ሃው መጽሐፉን እሳት ውስጥ መጣላቸውን በጋዜጣ አስታወቁ። ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባለው ድርጅትም ልቦለዱን ከሚያከራያቸው መጻሕፍት መካከል አስወጣው።

ጉዳቱ ከአደባባይ አልፎ ወደ ቤቱም ገባ። ሃይማኖተኛዋ ኤማ መጽሐፉ ስለ ጋብቻና ስለ እምነት በያዘው አቋም እጅግ አዘነች። በባልና ሚስቱ መካከል ቀድሞም የነበረው ቅሬታ ሰፋ። ከሃያ ዓመታት በፊት በብዕሩ እንዲገፋ ያበረታታችው ሴት አሁን ከነቃፊዎቹ ጎን መቆሟ ለሃርዲ ተጨማሪ ሐዘን ሆነበት።

በወቅቱ መጽሐፉን የደገፉ አልነበሩም ማለት አይደለም። ገጣሚው አልጄርነን ቻርልስ ስዊንበርን አድናቆቱን በደብዳቤ ገለጸለት። ወጣቱ ኤች ጂ ዌልስ በጻፈው ሂስ ልቦለዱን ከፍ አድርጎ አወደሰ። ይህ ሂስ የወጣው ከአራት ዓመታት በፊት «ቴስ»ን ባወገዘው በዚያው «ሳተርዴይ ሪቪው» ላይ ነው። በሃርዲ ልብ የቀረው ግን ምስጋናው ሳይሆን ነቀፌታው ነው። በ1912 በጻፈው መቅድም ይህ ገጠመኝ ልቦለድ የመጻፍ ፍላጎቱን ፈጽሞ እንዳጠፋው ገልጿል። ጳጳሱን በሚመለከትም፣ መጽሐፉን ያቃጠሉት ምናልባት ጸሐፊውን ለማቃጠል ባለመቻላቸው ተስፋ ቆርጠው ሊሆን እንደሚችል በምጸት አስፍሯል።

ይሁን እንጂ ሃርዲ ከልቦለድ የወጣው በነቀፌታ ምክንያት ብቻ ነው ማለት ሙሉውን እውነት አይገልጽም። ለእሱ ግጥም ከመጀመሪያው የላቀ ጥበብ ነበር። ልቦለድ የገባው በአንድ በኩል ኑሮውን ለማሸነፍ ሲሆን፣ «ቴስ» እና «ጁድ» ያስገኙለት ገቢ ከዚህ ጫና ነፃ አውጥቶታል። የነቀፌታው ሚና ቀድሞ የነበረን ምኞት ወደ ውሳኔ መለወጥ ነው ለማለት ይቻላል። በኦክቶበር 1896 በጻፈው ማስታወሻ ሰዎች በስድ ንባብ ሲነገራቸው የሚቆጡበትን ሐሳብ በግጥም ቢቀርብላቸው በዝምታ ሊያልፉት እንደሚችሉ አመልክቷል። ጋሊሊዮ ምድር መንቀሳቀሷን በግጥም ቢናገር ኖሮ የሃይማኖት ዳኞቹ ምናልባት በተዉት ነበር የሚል ምሳሌም አክሎበታል።

በ1898 መጨረሻ «ዌሴክስ ፖኢምስ» የተሰኘው የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ 500 ቅጂዎች ታትመው ወጡ። በውስጡም ራሱ የሳላቸው ሥዕሎች ይገኛሉ። በ1860ዎቹ መጽሔቶች ያልተቀበሏቸው፣ በመሳቢያ ተቀምጠው የቆዩ ግጥሞች የታተሙት በዚህ ጊዜ ነው። ደራሲው 58 ዓመት ሆኖት ነበር። እዚህም ቢሆን ነቀፌታ አልቀረለትም። ሐያሲያን አንድ የታወቀ ልቦለድ ጸሐፊ በስተርጅና ወደ ግጥም መግባቱን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ሃርዲ ግን በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ አላለም። ስለ ናፖሊዮን ጦርነቶች የሚተርከውን «ዘ ዳይናስትስ» የተሰኘ ግዙፍ ግጥማዊ ድራማ በ1904፣ በ1906 እና በ1908 በሦስት ክፍሎች አሳተመ።

በ1910 ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ኦርደር ኦፍ ሜሪት የተባለውን ከፍተኛ የክብር ኒሻን ሰጡት። በዚያው ዓመት የዶርቼስተር ከተማ የክብር ነዋሪነትን አበረከተችለት። ኤማ በኖቬምበር 1912 በድንገት ስታርፍ በቅሬታ ያለፉትን ዓመታት እያሰበ የጻፋቸው የሐዘን ግጥሞች እስከ ዛሬ ከእንግሊዝኛ ምርጥ ግጥሞች ተርታ የሚመደቡ ናቸው። በፌብሩዋሪ 1914 ፍሎረንስ ደግዴልን አገባ።

ሃርዲ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስለ ራሱ የሚነገረውን በራሱ ቁጥጥር ሥር ለማዋል የተለየ ዘዴ ቀየሰ። የሕይወት ታሪኩን በሦስተኛ መደብ ራሱ ጽፎ፣ ከሞተ በኋላ በፍሎረንስ ስም እንዲታተም አደረገ። ለሥራው የተጠቀመባቸውን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች በብዛት አቃጠለ። በ1928 እና በ1930 በሁለት ቅጽ በወጣው በዚህ መጽሐፍ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተሰነዘሩ ነቀፌታዎች በጥንቃቄ ተመዝግበዋል። ለኅትመት ባዘጋጀው የመጨረሻ መድበል መግቢያ ላይ እንኳ ሐያሲያን ያለፈውን መጽሐፉን ጨለምተኛ ነው ማለታቸውን አንስቶ ተከራክሯል። በወቅቱ ዕድሜው 87 ነበር።

በጃንዋሪ 1928 በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ለፍሎረንስ ካስጻፋቸው የመጨረሻ ስንኞች መካከል ቀደም ሲል የነቀፉትን ሁለት ጸሐፍት ጆርጅ ሙርንና ጂ ኬ ቼስተርተንን የሚሸነቁጡ ሁለት አጫጭር ግጥሞች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 11 ቀን 1928 ምሽት ላይ አረፈ። አመዱ በለንደን ዌስትሚንስተር አቢ በገጣሚያን ጥግ ሲያርፍ አስከሬኑን ካጀቡት መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ቦልድዊን፣ የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ራምሴይ ማክዶናልድ፣ እንዲሁም ደራሲያኑ ጆርጅ በርናርድ ሾው እና ሩድያርድ ኪፕሊንግ ይገኙበታል። ልቡ ግን ተለይቶ በትውልድ አካባቢው፣ በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በኤማ መቃብር ተቀበረ።

ሥራው ለሕዝብ ዓይን የተጋለጠ ማንኛውም ሰው፣ ደራሲም ይሁን ሌላ ባለሙያ፣ ከሃርዲ ሕይወት የሚወስደው ትምህርት ቀላል አይደለም። ሃርዲ ነቀፌታን ችሎ የማለፍ ጥበብ የተካነ ሰው አልነበረም። ከ57 ዓመታት በፊት በአጥር መሻገሪያ ላይ የተሰማውን ምሬት ይዞ ወደ መቃብር ወርዷል። ሆኖም ከመጀመሪያው መራር ሂስ ውስጥ የሚጠቅመውን ለይቶ አወጣ፤ በቁጣ የሰጠውን መልስ መለስ ብሎ መረመረ፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋበትም ቀድሞ ባዘጋጀው ሌላ መንገድ ተጓዘ። ልቦለድን ከተወ በኋላ የወጡት ስምንት የግጥም መድበሎች ከ900 በላይ ግጥሞችን ይዘዋል። ጳጳሱ ያቃጠሉት «ጁድ»ም ቢሆን ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ከሚጠኑ ልቦለዶች አንዱ ነው።